ብቻውን ሮጦ የተሸነፈው ሰውዬ፦ የታሪክ ፈተና ላይ «ማስረጃ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬ ሦስት ሳምንት እዚህ አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነው። 38 መልስ መጣ። ክሩ ስለረዘመ ከላይ ጀምሮ ማንበብ የሰለቻችሁ አላችሁ። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል ቀድቼ አልለጥፍም። አንድ ጊዜ የተሰደበ ሰው ሁለተኛ መሰደብ የለበትም።

መጀመሪያ ጥያቄዬን ላስታውሳችሁ። የእህቴ ልጅ ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት። 17 ዓመቷ ነው። ግንቦት ላይ የኤ ሌቭል የታሪክ ፈተና አለባት፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ማለት ነው። የደረሳት ሶቭየት ኅብረትና የመጨረሻው መሪዋ ጎርባቾቭ ነው። ለልምምድ የተሰጣት ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነበር፦ ከ1985 እስከ 1991 የጎርባቾቭ የፖለቲካ ማሻሻያ ምን ያህል ስር ነቀል ነበር?

አራት ገጽ ጻፈች። አስተማሪዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአረንጓዴ እስክሪብቶ ከበበባት። «ጎርባቾቭ ብዙ የፖለቲካ ለውጦች አደረገ፤ ሕዝቡም የበለጠ ነፃነት አገኘ» የምትለዋን ነው። ከጎኗ ሦስት ጥያቄ ጻፈባት። የትኛው ለውጥ? መቼ? የማን ነፃነት? ማርኩ ከ25 11። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ስለ ጎርባቾቭ የማውቀው ግንባሩ ላይ ያለችውን ምልክት ነው። ስለዚህ እናንተን ጠየቅኩ። ማስረጃ ማለት ቀንና ቁጥር መሸምደድ ነው? ከሆነስ ስንት ይበቃል?

መልስ ቁጥር 1 እግዚአብሔር ይርዳት ብሎ ሄደ። ይመስገን። ቁጥር 2 አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ ሰው ነው። እሱ ለነገሩ ብዙም አልተጨነቀም፤ የታሪክ ትምህርት ድሮም ቀን መያዝ ነው ባይ ነው። ቁጥር 3 ያንን ሰምቶ አንድ ረጅም ዝርዝር ላከልኝ። ጎርባቾቭ የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ከሆነበት ከማርች 1985 አንስቶ ሥልጣን እስከለቀቀበት እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ድረስ 23 ቀኖች። እጁ ይባረክ፣ ደክሞበታል። አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ልጅቷ ሦስት ማታ ሸመደደችው። ሁለተኛውን ልምምድ ጻፈች። 12 አገኘች። ሦስት ማታ ለአንድ ማርክ!

ይህን መልሼ እዚሁ ጻፍኩ። ያኔ ነው ቁጥር 4 የመጡት። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ክሩን ያቃኑት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ነገሩን ያስረዱን በአንድ ቁጥር ነው። 2,250።

ይህ በ1989 የተቋቋመው የሕዝብ ተወካዮች ኮንግረስ፣ የአገሪቱ አዲስ ሸንጎ ማለት ነው፣ የመቀመጫ ብዛት ነው። ምርጫው ማርች 26 ተደረገ። በብዙ ወረዳዎች መራጩ ከአንድ በላይ ዕጩ ቀረበለት፤ ይህ ለአንድ ሙሉ ትውልድ ያልታየ ነገር ነው። ተማሪዋ እዚህ ላይ ካቆመች የሆነውን ተረከች እንጂ አልመለሰችም አሉ። ጥያቄው ምን ሆነ አይልም። ምን ያህል ስር ነቀል ነው የሚለው። ስለዚህ 2,250ውን ገልጠሽ ውስጡን እይው አሉ። 750ው መቀመጫ ሕዝብ የሚመርጠው አልነበረም። ለድርጅቶች የተያዘ ነበር፤ ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለወጣቶች ማኅበር፣ ለሳይንስ አካዳሚና ለመሳሰሉት። ኮሚኒስት ፓርቲው ራሱ ከዚህ ውስጥ 100 ወንበር ነበረው። በሩ ተከፈተ፣ መቀርቀሪያው ግን ባለቤቱ እጅ ቀረ። ያው አንድ ቁጥር ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። ፈታኙ የሚፈልገው ያንን «ግን» ነው።

ይህን ያነበብኩት ዴፖ ውስጥ፣ ሻዬን ቆሜ እየጠጣሁ ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከ23ቱ ቀኖች ውስጥ ማርች 26 ነበረች እኮ! ፍሪጁ ላይ ነበረች። ልጅቷም በቃሏ ታውቃታለች። ምን እንደምትሠራባት ግን አላወቀችም።

ቁጥር 5 እና 6 ምስጋና ናቸው። ቁጥር 7 ላይ አንድ ጋሼ ብቅ አሉ። በዚያ ዘመን ሶቭየት ኅብረት፣ ካርኮቭ ከተማ የተማሩ ናቸው። ምርጫውን በዓይናቸው እንዳዩ፣ ዘመኑም 1981 እንደነበር ጻፉ። ቁጥር 8 ዘሎ ያዛቸው። በ1981 ክሬምሊን የነበረው ብሬዥኔቭ ነው፣ ጎርባቾቭ ገና አልመጣም፣ የማታውቀውን እየጻፍክ ልጅ አታሳስት አላቸው። ያውም «አንተ» እያለ። ጋሼ በቁጥር 9 መለሱ፤ እሳቸው የጻፉት መጋቢት 17 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፣ በአገራቸው አቆጣጠር፣ የአገሩን ካላንደር የረሳ ሰው ስለ ሰው አገር ታሪክ ባያስተምራቸው ደስ ይላቸዋል። ቁጥር 10 ያው ቁጥር 8 ነው። ወደ «እርስዎ» ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ግማሽ ይቅርታ ናት፤ ዓ.ም. መጻፍ ነበረብዎት የምትል ጅራት አላት።

ሳቅኩ። በኋላ የልጅቷን ደብተር ስገልጥ ግን ሳቄ ጠፋ። አያቷ በስልክ የነገረቻት አንድ ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከፈረንጆቹ ቀኖች መሀል ቁጭ ብሏል። ለንደን ያለ አራሚ መቼም ስምንት ዓመት ደምሮ አያነብላትም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሶቭየት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 11 የጻፈው ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ነው። የዚህ ክር ርዕስ የእሱ ነው። በዚያው ምርጫ የሌኒንግራድ ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ፣ የፖሊት ቢሮ (የፓርቲው የበላይ አካል) ተለዋጭ አባል የነበረው ሶሎቪዮቭ ተወዳደረ። ተወዳደረ ማለት ከተቻለ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነበር። ሆኖም መራጭ ያልፈለገውን ስም መሰረዝ ይችላል። ለማለፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ሰረዘው። እኛ ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም እንላለን። ሌኒንግራድ ላይ ግን ብቻውን የሮጠ ተሸነፈ።

ልጅቷ ይህንን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ረስታው አታውቅም። 23 ቀን በሦስት ማታ ያልገባ፣ አንድ ሰውዬ በአንድ ሳቅ ገባ።

ያው ሰው በኋላ የሩሲያ ፕሬዚዳንት የሆነውን የልሲንንም ጨመረ። የልሲን ሞስኮ ላይ 89 በመቶ ገደማ ድምፅ ያገኘው ፓርቲው የደገፈውን ሰው አሸንፎ ነው፤ ተሸናፊው የዚል ፋብሪካ ዳይሬክተር ነበር። ዚል ስላችሁ ያው ዚል ናት፤ በደርግ ጊዜ ወታደር ስትጭን የምናውቃት። ሁለት ሦስት ሰው በዚህ ምክንያት የዚል ትዝታቸውን አመጡ፣ ዘለልኳቸው።

ቁጥር 12 አጭር ናት፣ ግን ጥሩ ናት። በሶሎቪዮቭ ውድቀት በጣም አትደሰቱ ትላለች። በዚያ ምርጫ ካለፉት ከአሥሩ ከስምንት በላይ ያው የፓርቲው አባላት ናቸው። ስለዚህ ሶሎቪዮቭ የሚያስረዳው ሹማምንቱ መውደቅ መቻላቸውን ነው፤ ፓርቲው መውደቁን አይደለም። ማስረጃን ከሚችለው በላይ አታሸክሙት ማለቷ ነው።

ከ13 እስከ 16 ወሬው ወደ ቦርሽ፣ ወደ ጥቁር ዳቦና ወደ ቮድካ ሰልፍ ሄደ። ጎርባቾቭ በሜይ 1985 የመጠጥ ቁጥጥር ዘመቻ ሲጀምር ዶርም ውስጥ ምን እንደተደረገ ብዙ ተባለ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ቁጥር 17 ግን ቆንጠጥ አድርጋ መለሰችን። ልጅቷ የመጠጡን ዘመቻ በፖለቲካ ማሻሻያ መልስ ውስጥ እንዳታገባው አለች። እውነት ነው፣ ቀኑም ልክ ነው፣ ነገር ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም። እኔ ደንግጬ ረቂቁን አየሁት። ሁለተኛው አንቀጽ ስድስት መስመር ሙሉ ስለ ቮድካ ነበር።

ቁጥር 18 ተቆጥቶ ገባ። ጎርባቾቭ ሶሻሊዝምን የሸጠ ከሃዲ ነው፣ የፓርቲውንም ብቸኛ ሥልጣን በ1988 አሳልፎ የሰጠ ነው ባይ ነው። ቁጥር 19 ለእሱ የመለሰለት እዚህ አይደገምም። ቁጥር 20 አወያዩ ያጠፋው ነው፤ ባዶ ቦታው አሁንም አለ።

ስድቡ ሲበርድ መምህርቷ ተመልሰው መጡ። ቁጥር 21 የእሳቸው ነው። ከሃዲ ነው አይደለም በሚለው አልገቡበትም። 1988ን ብቻ አረሙ። በ1988 ክረምት፣ በ19ኛው የፓርቲ ጉባኤ የተወሰነው አዲሱ ኮንግረስ እንዲቋቋም ነው። ፓርቲውን የኅብረተሰቡ መሪ የሚያደርገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 የተሻሻለው በማርች 1990 ነው። ያውም ከአንድ ወር በፊት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ሞስኮ አደባባይ ከወጣ በኋላ። ይህ የዓመት ተኩል ልዩነት ቀላል ስህተት አይደለም አሉ። ለውጡን ከላይ የመጣ ስጦታ ወይስ ከታች የመጣ ግፊት የሚያሰኘው እሱ ነውና።

ከዚያ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ማርች 14 ቀን 1990 ፓርቲው ብቸኛ የመሪነት መብቱን በሕግ አጣ። በማግሥቱ ማርች 15 ጎርባቾቭ ፕሬዚዳንት ሆነ። ማን መረጠው? ያው ኮንግረስ ነው፣ 1,329 ለ495። ተፎካካሪ አልነበረም። ሕዝቡም አልተጠየቀም። ትናንት ፓርቲው ሥልጣን ሲያጣ፣ ዛሬ አንድ ሰው ያለ ሕዝብ ድምፅ አዲስ ሥልጣን ያዘ። መምህርቷ እንዳሉት ይህን ማሰር የቻለ ተማሪ የጥያቄውን ግማሽ በሁለት ቀን መለሰ ማለት ነው።

ቁጥር 22 የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ። እሺ፣ 1,329ን ማን ያስታውሳል? ቁጥር 23 ለብዙ ዓመት ፈተና ያረመ ሰው ነኝ ይላል። ቃና ያለው መልስ ነው። ከ1,300 በላይ ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የተሳሳተ ትክክለኛ ቁጥር ከመጻፍ ልክ የሆነ ግምት ይሻላል። አራሚ ቁጥር እየቆጠረ አይቀመጥም። ከቁጥሩ ቀጥሎ የመጣውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያየው። ቀጥሎ የመጣው ሌላ ቁጥር ከሆነ ይሰለቸዋል። እኔ ይህን ከ38ቱ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

ከ24 እስከ 26 ስለ ግላስኖስት፣ ስለ ጎርባቾቭ የግልጽነት ፖሊሲ ማለት ነው፤ በጨዋ ደንብ የተደረገ ክርክር። ቁጥር 24 ሁለት ነገር አመጣ። ቼርኖቤል የፈነዳው ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ነው። ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ወጥቶ ስለ አደጋው ለሕዝቡ የተናገረው ሜይ 14 ነው። 18 ቀን። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ግን፣ ጎርኪ ከተማ በግዞት ያለው የፊዚክስ ሊቅና የመንግሥት ተቃዋሚ ሳካሮቭ ቤት ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው ስልክ ገጠሙ። በማግሥቱ ስልኩ ጮኸ። ጎርባቾቭ ነው። ሞስኮ ተመለስ አለው። አንድ ዓመት ውስጥ 18 ቀን ዝምታና አንድ የስልክ ጥሪ። ቁጥር 25 ይህ የመረጃ ጉዳይ እንጂ የፖለቲካ ማሻሻያ አይደለም ሲል ተቃወመ። ቁጥር 26 አስታረቃቸው። እስከ 1990 ድረስ ግልጽነት የአለቃው ፈቃድ ነበር። በጁን 1990 የወጣው የፕሬስ ሕግ ሳንሱርን ሲያስቀር ግን መብት ሆነ። ስለዚህ ጥያቄው ምን ተፈቀደ ሳይሆን ማን ሊከለክል ይችላል የሚለው ነው። ይህቺን ልጅቷ በትልቁ ጽፋ ቁም ሣጥኗ ላይ ለጥፋታለች።

ከ27 ጀምሮ አገር ቤት ገባን። መግባታችን አይቀርም ነበር። አንዱ ለምን ስለ ሞስኮ እንጨቃጨቃለን፣ የእኛስ ፔሬስትሮይካ (የጎርባቾቭ ዓይነት ተሃድሶ) አለ፤ የሞስኮ ቧንቧ ሲጠብ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ያወጁት ምን ነበር? የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ስሙን ቀይሮ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ የተባለው ምን ነበር? ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እስከ 33 ድረስ የተጻፈው መልስ ስለ ጥያቄው አይደለም፣ ማን በየትኛው ቀበሌ ሊቀመንበር እንደነበር ነው። ከዚያ መሀል የሚጠቅም የነበረው 31 ብቻ ነው። ስም የተቀየረበትን ቀን ከመጻፍ በፊት በስም ለውጡ ወንበሩን ያጣ ሰው ካለ እሱን ፈልጉ ይላል። ሌኒንግራድ ላይ ሶሎቪዮቭ አለ። የ1982ቱ ሶሎቪዮቭ ማን ነው? ማንም አልመለሰለትም።

ቁጥር 34 ላይ የካርኮቩ ጋሼ ተመለሱ። ሜይ 25 ቀን 1989 ኮንግረሱ ሲከፈት በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ዶርማቸው የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለች። ኩሽናው ጢም ብሏል። ድንች እየተላጠ ነው። ገና ስብሰባው ሲጀመር አንድ የላትቪያ ተወካይ ወደ መድረኩ ወጣ። በኤፕሪል የጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ላይ ወታደር ለገደላቸው ሰዎች ተነስተን እናስባቸው አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ኩሽናው ውስጥ የበር ጠባቂዋ አሮጊት ቢላዋቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። ከዚያ ሁሉም ተነሱ፤ ኢትዮጵያውያኑም፣ ኩባውያኑም።

ቁጥር 35 ወዲያው ትዝታ ማስረጃ አይደለም አለ። ደረቅ ነው፣ ግን ተሳስቷል አልልም። ቁጥር 36 መምህርቷ ናቸው። የላትቪያው ተወካይ ነገር የተመዘገበ ታሪክ ነው፣ ልትጠቀምበት ትችላለች አሉ። አዳራሹን ትጻፍ፣ ኩሽናውን ለራሷ ታስቀምጠው። ሰው በገደለ በሰባት ሳምንት ውስጥ መንግሥት በራሱ ቴሌቪዥን ሟቾቹን ቆሞ ማሰቡ ለግላስኖስት ይመሰክራል። መገደላቸው ራሱ ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክራል።

ልጅቷ ሦስተኛውን ልምምድ ባለፈው ሐሙስ ጻፈች። አንዱን አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሼ ላምጣላችሁ፦

«የ1989 ምርጫ ለሹማምንቱ እውነተኛ አደጋ ነበር፤ የሌኒንግራዱ መሪ ሶሎቪዮቭ ያለ ተፎካካሪ ቀርቦ እንኳ ተሸንፏል። ሆኖም ከ2,250 መቀመጫ 750ው ለድርጅቶች የተያዘ ስለነበር፣ ምርጫው ግለሰቦችን እንጂ ፓርቲውን ማውረድ አይችልም ነበር። ያ ዕድል የተከፈተው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ አንቀጽ 6 ሲሻሻል ነው።»

ቀን አንድ፣ ስም አንድ፣ ቁጥር ሁለት። አረንጓዴው እስክሪብቶ ከጎኑ አንድ ትንሽ ምልክት አድርጎ አልፏል። 19 አገኘች። ቮድካው ወጥቷል።

ቁጥር 37 የእሷ ነው። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁላችሁንም አመሰገነች። ቁጥር 8ንም ጭምር። ከዚያ ለካርኮቩ ጋሼ አንድ ጥያቄ አላት፤ አዳራሹ ሲነሳ የጎርባቾቭ ፊት ምን ይመስል ነበር?

ቁጥር 38 ትናንት ማታ ገባ። ጋሼ ናቸው። ቴሌቪዥኗ ጥቁርና ነጭ ነበረች፣ አንቴናዋም ሰው ካልያዛት አትሠራም ነበር። የዚያን ቀን ተራው የእሳቸው ነበር። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው። ድምፁን ሰምተዋል። አሮጊቷ ብድግ ሲሉም አይተዋል። የጎርባቾቭን ፊት ግን አላዩም።